የእናት ወገን ቆጠራ፤ ከይፋግ እስከ ቁስቋም



በቋንቋችን ፊደል ይቆጠራል፤ ዘርም ይቆጠራል። ሀ ሁ ብሎ የጀመረ ሰው «ፊደል ቆጠረ» ይባላል። እከሌ እከሌን ወለደ፣ እከሌ እከሊትን ወለደ እያለ ወደ ኋላ የሚሄድም «ዘር ቆጠረ» ይባላል። ለሁለቱም ሥራ ያለን ቃል አንድ ነው። ሁለቱን ቆጠራ አብሮ የያዘ ሰው ግን በአገራችን ጥቂት ነበር። ፊደሉ በቤተ ክህነት፣ በመድረሳና በቤተ መንግሥት አካባቢ ቆየ። የዘሩ ቆጠራ ደግሞ ፊደል ባልቆጠሩ አያቶች አፍ ላይ ነበር። ከእነዚህ አያቶች መካከልም እኛ ዛሬ የምናነሣው ስለ ሴቶቹ ነው። የወገናቸውን ታሪክ መርምረው፣ አጣርተው፣ ለልጅ ልጆቻቸው የነገሩ እናቶች ምን ዓይነት ሥራ ይሠሩ እንደነበር እንነጋገራለን። ሥራቸውን «ወሬ» ብሎ ያለፈው ብዙ ሰው ነው። ወሬ ግን አልነበረም።

ከይፋግ እንጀምር። ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ከመግባቱ በፊት ያገኛታል። ዛሬ መኪናው ሽው ብሎ ያልፋታል። በጥንት ጊዜ ግን ነጋዴ እንዲህ በቀላሉ አያልፋትም ነበር። በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን የሚያራግፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨው ይመጣባት ነበር። ከአጠገቧ ያለችው ደሪጣም የእስላም ነጋዴዎች መንደር በመሆን የታወቀች ነበረች።

ታዲያ ገበያ የሚያገናኘው ሸቀጥን ብቻ አይደለም። ከሩቅ የመጣ ሰው ገበያ ላይ ከሌላው ጋር ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋ አይደለም። «የማን ልጅ ነህ? እናትህስ የማን ልጅ ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ሦስት ስም ከተጠራ በኋላ ዝምድና ይወጣል። ዝምድና ከወጣ ደግሞ ማደሪያ አለ፤ ዋስ አለ፤ ብድር አለ። ዝምድናው ካልወጣ እንግዳው እንግዳ ነው።

ይህ ጥያቄ በቤጌምድርና በጎጃም እንዲህ የከበደበት ትልቁ ምክንያት ርስት ነው። ይህን ጥቂት ሰፋ አድርገን እንየው።

በዚያ አገር ልማድ መሬትን መጀመሪያ ያቀናው ሰው «አቅኚ አባት» ይባላል። አቅኚ ሴትም ብትሆን ያው ናት። ከእርሱ የተወለደ ሁሉ፣ በወንድ ልጁም ሆነ በሴት ልጁ በኩል ቢቆጠር፣ ከዚያ መሬት ላይ ርስት አለኝ ለማለት መብት ነበረው። ልብ በሉ፤ በአባት በኩል ብቻ አይደለም። በእናት፣ በአባት እናት፣ በእናት እናት፣ በየትኛውም በኩል ሊቆጠር ይችላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን አሠራር አጥንቶ በመጽሐፍ ጽፎታል። አንድ ገበሬ በብዙ አያቶቹ ስም በብዙ ቦታ መጠየቅ እንደሚችል፣ ከሚችለው ሁሉ ግን እጁ የሚገባው ጥቂቱ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። የሚያገኘው ቆጥሮ ማስረዳት የቻለው ነው። ዘመድ ያለው፣ ጉልበት ያለው፣ ምስክር ያለውም ነው። በዚህ ላይ ትውልዱን ወክሎ ርስቱን የሚያስከብር «ፈጅ» የሚባል ሰው ነበር። ጠያቂው ለፈጁና ለወገኑ ሽማግሌዎች ቆጥሮ ያስረዳል። አልተስማሙም እንደሆነ ነገሩ ወደ ዳኛ ይሄዳል። ሙግቱ አንዳንዴ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውም ተረት የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን የሴቷን ነገር አስቡት። ሴት ልጅ በልማዱ እንደ ወንድሟ ከአባቷም ከእናቷም ርስት ይደርሳታል። ነገር ግን ስታገባ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች። ድርሻዋን ወንድሞቿ ያርሱታል። ሃያ ሠላሳ ዓመት ያልፋል። ልጆቿ ያድጋሉ፤ መሬት ይጠባቸዋል። በዚህ ጊዜ ወደ እናታቸው አገር ሄደው «የእናታችንን ድርሻ» ሲሉ የሚያውቃቸው ሰው የለም። የእናታቸው ወንድም ሞቷል፤ ልጆቹ ደግሞ «እናንተ እነማን ናችሁ?» ይላሉ። በዚያ ሰዓት ልጆቹን የሚያድናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናታቸው ገና ሕፃናት ሳሉ ጀምራ፣ ጥጥ ስትፈትል፣ ምሽት እሳት ዳር ስትቀመጥ ያስቆጠረቻቸው ስም ነው። አባቴ እከሌ፣ የእርሱ እናት እከሊት፣ የእርሷ አባት እከሌ፣ ርስታቸው ከዚህ ወንዝ እስከዚያ ዛፍ፣ አዋሳኛቸው እነ እከሌ። አንድ ስም ከመካከል ከወደቀ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ መሬቱም ይቀራል።

በሸንጎ ቆሞ የሚቆጥረው ብዙውን ጊዜ ወንድ ነበር። ድምፁ የተሰማው፣ ስሙ የተነሣው የእርሱ ነው። ያስቆጠረችው ግን ማን ነበረች? እኔ እንደሚመስለኝ የአገራችን ታሪክ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ብዙ ዘግይቷል።

ሁለተኛው የቆጠራ ሥራ ጋብቻ ነው። ክርስቲያን አማራ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመዱን አያገባም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለቱም ወገን ይቆጠራል። እዚህም ላይ የአባት ብቻ መቆጠር አይበቃም። እስቲ እርሳስ አንሱና እናስላው። አንድ ሰው ወላጆቹ 2 ናቸው። አያቶቹ 4፣ ቅድመ አያቶቹ 8 ናቸው። ከዚያ በላይ ስሙ በየአገሩ ይለያያል፤ ቅም አያት፣ ምንዥላት፣ እንጅላት የሚል አለ። ቁጥሩ ግን አይለያይም፤ በየቤቱ እጥፍ ይሆናል። 16፣ 32፣ 64፣ በሰባተኛው ቤት 128። እንግዲህ ስማችንን ስንጠራ የአባታችንን፣ የአያታችንን ስም እናስከትላለን። በዚህ መንገድ እስከ ሰባት ቤት ብንቆጥር፣ በሰባተኛው ቤት ከነበሩት 128 ሰዎች የምናውቀው አንዱን ወንድ ብቻ ነው። 127ቱ ቀሩ ማለት ነው! ከእነርሱም 64ቱ ሴቶች ናቸው። ጋብቻውን ሳያበላሽ ያቆየው፣ ያን ሁሉ የጎን መንገድ የሚያውቅ ሰው በየቤቱ ስለነበረ ነው። እርሷም ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ጥግ የተቀመጠችው አሮጊት ነበረች። ሠርጉ ሊቆረጥ ሲል ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ «ኧረ ተዉ፤ የልጅቷ ቅድመ አያት የእኛ ናት» ካለች ነገሩ አበቃ። ድግሱ ቢጠመቅም አበቃ።

ስለ እነዚህ አያቶች በስም የተጻፈ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ስሟ የተጻፈላትን፣ በዚሁ በጣና ዙሪያ የኖረችውን አንዲት ታላቅ እናት እንውሰድ። እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ንግሥት ስለሆኑ ከእኛ አያት የሚርቁ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን በእርሳቸው ሕይወት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ያው የወገን ነገር ነው። ልጅ፣ ወንድም፣ አማች፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ። ልዩነቱ የእርሳቸው ቤተሰብ ሲጣላ አገር መናወጡ ነው።

ምንትዋብ ከጣና በስተምዕራብ ካለው ከቋራ አገር ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባላሉ። አፄ በካፋ ስማቸውን ሰውረው ሲዘዋወሩ ቋራ ላይ ታመው ከአንድ ሰው ቤት እንዳረፉ፣ የቤቱ ልጅ እንዳስታመመቻቸውና ከዳኑ በኋላ እንዳገቧት ይነገራል። እውነትም ይሁን ተረት፣ ታሪኩ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን እናንተም የምታውቁት ነው። «የማን ልጅ ናት?» ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ በዜና መዋዕሉ ላይ ትውልዳቸውን ቆጥሮ ጻፈ። በማን በኩል? በእናታቸው በኩል። ወገናቸው በአፄ ሚናስ ጊዜ ከነበሩ የንጉሥ ዘሮች እንደሚመዘዝ አድርጎ አስቀመጠው። የንግሥቲቱን ወንበር ያጸናው አንዱ ነገር ይኸው የእናት ወገን ቆጠራ ነበር።

አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ስሙ የወጣለት በአያቱ በታላቁ ኢያሱ ነው። እኚያ አያቱ በጣና ደሴት ተገድለው፣ በሐይቁ ላይ ባለችው በምጽራሃ ደሴት የተቀበሩት ናቸው። ሕፃኑ ዳግማዊ ኢያሱ ተብሎ ሲነግሥ በዚያው ዓመት እናቱም ዘውድ ደፉ። የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ሆነ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ምንትዋብ ደግሞ መጠሪያቸው ነው። አንድ ሰው፣ ሦስት ስም! ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ስለ እናንተ አያቶች ስንነጋገር እንመለስበታለን።

እቴጌይቱ አገሩን የገዙት በወገናቸው ነው። ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ሆነው እስከ ሞቱበት እስከ 1759 ዓ.ም. የመንግሥቱ ምሰሶ ነበሩ። ሴት ልጆቻቸውንም ለትልልቅ ሹማምንት ዳሩ። ወለተ እስራኤልን ለጎጃሙ ለዮሴዴቅ ሰጡ፤ ከእርሷም የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተወለደ። አስቴርን ደግሞ የቤጌምድሩ ገዥ ማርያም ባርያ አገባት። ይፋግ ያለችበትን አገር የሚገዛው ሰው ማለት ነው። ለልጃቸው ለኢያሱ ያገቡለት ምራት ግን ከወሎ ኦሮሞ ወገን የሆነችው ውቢት ናት። ከእርሷ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ተወለደ። ካርታውን ብትስሉት ግሩም ነው፤ ጎጃም፣ ቤጌምድር፣ ወሎ፣ ቋራ በአንዲት እናት ዙሪያ ተያይዘዋል። አያት በዝምድና አገር ሰፋች።

በሐይቁም ላይ ሥራቸው አለ። በደቅ ደሴት ላይ ያለውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። ዛሬም ድረስ በግድግዳው ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው ተሥለው ይታያሉ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎም ቁስቋም ማርያምንና መኖሪያቸውን አሠርተው ነበር።

ዝምድናው እንዴት ፈረሰ? ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሞቱ። ኢዮአስ በልጅነታቸው ነገሡ። አሁን በቤተ መንግሥቱ ሁለት እናቶች አሉ፤ አያትየዋ ከቋራ ወገናቸው ጋር፣ እናትየዋ ከወሎ ወገናቸው ጋር። ሁለቱም «ንጉሡ የእኔ ነው» ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ወልደ ልዑል ሲሞቱ መካከለኛ ጠፋ። ንጉሡ ቤጌምድርን ከማርያም ባርያ ነጥቀው ለእናታቸው ወንድም ሊሰጡ ተነሡ። ማርያም ባርያ እምቢ አለ። ውጊያ ሆነ፤ የንጉሡ አጎት ሞተ። ንጉሡ የትግሬውን ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑልን ጠርተው ነበርና፣ በ1761 ዓ.ም. በቤጌምድር ነፋስ መውጫ ላይ በተደረገው ጦርነት ማርያም ባርያ ተሸነፈ፤ ከዚያም ተይዞ ተገደለ። አስቴር መበለት ሆነች። ጥቂት ቆይታ ራስ ሚካኤልን አገባች። በዚያው ዓመት በግንቦት ራስ ሚካኤል ንጉሥ ኢዮአስን አስገደለ።

ቀስ ብላችሁ ቁጠሩት። ኢዮአስ የምንትዋብ የልጅ ልጅ ነው። አስቴር የምንትዋብ ልጅ፣ የኢዮአስ አክስት ናት። የአክስቲቱ ባል የወንድሟን ልጅ ገደለ። እቴጌይቱ ለልጅ ልጃቸው ሲያለቅሱ፣ ገዳዩ አማቻቸው ነበር። ይህን ሐዘን ለማን ይነግሩታል? ወደ ቁስቋም ገቡ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ያገኛቸው እዚያ ነው። በቤታቸው የነበሩ ልጆች በፈንጣጣ ታመው ስለነበር እርሱ አስታመመ፤ በዚህም ምክንያት ወዳጃቸው ሆነ። ስለ እቴጌይቱና ስለ አስቴር ብዙ ጽፏል። እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. አረፉ። የእርሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ነው የሚባለው አጽም በቁስቋም አንድ ላይ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ ጥፋት በኋላ አንድ ነገር ሆነ። የእቴጌይቱ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ኃይሉ እሸቴ በ1778 ዓ.ም. ገደማ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ከየቦታው አሰባስበው አስገለበጡ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ መጻሕፍት በየጦርነቱ ይጠፉ ነበር። ዛሬ የጎንደርን ዘመን ታሪክ የምናውቀው በከፊል በዚህ ሥራ ነው። በቁስቋምና በሌሎችም የጎንደር አድባራት መጻሕፍት ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ሙግት ተጽፎ ቆይቷል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ እነዚህን ጽሑፎች ሲመረምር ሴቶችን ደጋግሞ አገኘ። መሬት ይሸጣሉ፤ ይገዛሉ፤ ይሟገታሉ። ለመሟገት ደግሞ መቁጠር ያስፈልጋል። እንግዲህ ጥግ የተቀመጠችው አሮጊት በእኛ ግምት ብቻ የቆመች አይደለችም፤ በብራና ላይም አለች።

ቆጠራ ሁልጊዜ ለበጎ ሥራ ውሏል ልንል አንችልም። ለስድብም ይሆናል። ቋራ ላይ ሌላም ልጅ አድጎ ነበር፤ ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ። የጎንደርን አገር ትገዛ የነበረችው የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ጦር ስትልክበት፣ ደጃዝማች ወንድይራድ የተባለው ሹም «የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ» ብሎ ፎከረ ይባላል። የካሣ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግረው ኮሶ ይሸጡ ነበር ሲል ነው። ካሣ አሸነፈ፤ ወንድይራድንም ማርኮ ኮሶ አጠጣው ይባላል። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንም ተማረኩ። ከነገሡ በኋላ ግን የአፄ ቴዎድሮስ ዘር ከዳዊትና ከሰሎሞን ተቆጠረ። ወንበር ሲገኝ ቆጣሪ አይጠፋም! ስለዚህ የወገን ታሪክ የሚመረምር ሰው የሚያኮራውን ብቻ እየመረጠ መቁጠር የለበትም። ኮሶ የሸጠች እናት ልጇን አሳድጋለች፤ ስሟ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ወደ ይፋግ እንመለስ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። የርስት ሙግት በዚያው አበቃ። ከዚያ ወዲህ አንድ ገበሬ መሬት የሚያገኘው አቅኚ አባቱን ቆጥሮ አይደለም። ጭሰኛ ለነበረው፣ በሙግት ጥሪቱን ለጨረሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይታሰብ አብሮ ሄደ። አያት ለልጅ ልጅ ስም የምታስቆጥርበት ትልቁ ምክንያት ቀረ። ልጁ «ምን ይጠቅመኛል?» ቢል መልስ አልነበራትም። ቀጥሎ የ1977ቱ ድርቅ መጣ። ሰው ለሰፈራ ወደ ሩቅ አገር ተወሰደ፤ ሌላው ለሥራ ወደ ከተማ ወረደ። እርሷም ስሞቹን እንደያዘች አረፈች።

ስሞቹ አይጠቅሙም ያለ ሰው ግን ተሳስቷል። ከጎንደር አገር የወጡትን ቤተ እስራኤላውያን ተመልከቱ። እነርሱም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄዱ ወገን ከሁለት ተከፈለ። በኋላ ለቀሩት ዘመዶች ጉዳይ የእስራኤል መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የወሰነው ውሳኔ የእናትን የዘር ሐረግ የሚመለከት ነበር። ያን ጊዜ የእናቱን እናት፣ የእርሷንም እናት ስም የሚያውቅ ሰው መንገድ አገኘ። የማያውቅ ግን ወንድሙ ባሕር ማዶ እያለ እርሱ ጎንደር ተቀመጠ። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ቃል ከሁለት መንግሥት ጽሕፈት ቤት ፊት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

እናንተ ደግሞ አሁን ፊደሉን ይዛችኋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ልጅ አዝለው፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን የተማሩ እናቶች ብዙ ነበሩ። መጀመሪያ የጻፉት የራሳቸውን ስም ነው። ቀጥሎ ምን ይጻፍ ቢባል፣ የእናት ስም ይጻፍ እላለሁ።

እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። ደብተር ያዙ። ከራሳችሁ ጀምሩና ወደ ኋላ ሂዱ። ቀኝ ገጹን ለአባት ወገን፣ ግራ ገጹን ለእናት ወገን አድርጉት። ከእናት ወገን ጀምሩ፤ ቶሎ የሚጠፋው እርሱ ነውና። የእናት ስም ከልጅ ስም ጋር አብሮ አይጠራም።

ስም ስትጠይቁ አንድ ስም ብቻ አትጠይቁ። ምንትዋብ ሦስት ስም እንደነበራቸው አስታውሱ። አያታችሁም እናቷ የምትጠራበት ስም፣ የክርስትና ስም፣ ባልዋ ቤት የወጣላት ስም ይኖራት ይሆናል። የሰፈር ሰው የሚያውቃት በአንዱ፣ ቄሱ በጸሎት የሚያነሣት በሌላው ነው። አጣሪ ሰው እነዚህን አንድ ላይ ካልጻፈ አንዲቱን ሴት ሦስት ያደርጋታል።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፤ አያት አይይዙትም። «ምን በሆነ ጊዜ ነበር?» በሉ። እምዬ «እናቴ በኅዳር በሽታ ጊዜ ጡት ትጠባ ነበር አሉ» ካሉ፣ የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ስለነበር እናታቸው የተወለዱት ከዚያ በፊት ባለው አንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ነው። «በማይጨው ዓመት» ካሉ 1928 ነው። «ከክፉ ቀን የተረፈች» ከተባለ ደግሞ ከ1880 እስከ 1884 ያለውን ታላቅ ረሃብ ማለታቸው ነው። ከዳር ላይ ዓመቱን ጻፉ፤ ከጎኑም የእርሳቸውን ቃል እንዳለ ጻፉት። ሒሳቡን ብትሳሳቱ ቃሉ ይመልሳችኋል።

ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ቢነግራችሁ አንዱን አትሰርዙ። ሁለቱንም ጻፉ፤ የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑንም ጨምሩበት። ሙግት ያሳደጋቸው ሽማግሌዎች ይህን በሚገባ ያውቃሉ፤ ምስክር ስሙ ካልታወቀ ምስክር አይደለም። ደግሞ አያታችሁ ዝም ያሉበት ስም ይኖራል። የተጣላ፣ የተገደለ፣ ተገድዳ የተዳረች፣ በድህነቱ የተናቀ ሰው ይሆናል። አታስጨንቋቸው። ሌላ ቀን፣ ቡና ሲፈላ፣ ሰው ሲቀንስ ይመለሱበታል።

ባዶ የቀረውን ቦታ ባዶ ተዉት። በግምት ስም አትሙሉበት። ልቅሶ ወይም ተዝካር ሲሆን ደብተሩን በነጠላችሁ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት የአክስት ልጅ፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገባችሁ ተቀምጣ፣ ያን የጎደለ ስም ሳትጠየቅ ልትጠራው ትችላለች። እርሳስ አትርሱ።